ከማገዶ ሸክም ወደ ዕረፍት፤ ጫካ ከቤተሰብ ጋር



በዚህ ወር የምናነሣው ርዕስ ለአንዳንዶቻችን እንግዳ፣ ለሌሎቻችን ደግሞ የቅንጦት ወሬ ሊመስል ይችላል። ርዕሳችን ድንኳን ተክሎ ጫካ ውስጥ ስለማደርና በዛፎች መሐል በእግር ስለመጓዝ ነው። ይሁንና በአሜሪካ፣ በተለይም በዋሽንግተንና በአካባቢዋ የሚኖሩ የወገኖቻችን ልጆች ትምህርት ቤት በተዘጋ ቁጥር ወላጆቻቸውን አጥብቀው ከሚጠይቋቸው ነገሮች አንዱ ይኸው ነው። የክፍል ጓደኞቻቸው ድንኳን በመኪና ጭነው ከእናት ከአባታቸው ጋር ሲሄዱ ያያሉ። ሲመለሱም ስላዩት አጋዘንና በእሳት ዳር ስለጠበሱት በቆሎ ሲያወሩ ይሰማሉ። እቤት ገብተው "እኛስ መቼ ነው የምንሄደው?" ሲሉ ግን ብዙውን ጊዜ የሚያገኙት መልስ ሣቅ ነው።

የዚህን ሣቅ ምክንያት በሚገባ ያስረዱኝ የአንድ ተማሪዬ አያት ናቸው። ወሎ ተወልደው ያደጉ፣ ዛሬ ሜሪላንድ ውስጥ ከልጃቸው ጋር የሚኖሩ እናት ናቸው። "ልጄ፣ እኔ ጎህ ሳይቀድ ተነሥቼ፣ እንጨት ለቅሜ፣ በጀርባዬ ተሸክሜ አቀበት ስወጣ ነው ያደግሁት። መሬት ላይም ተኝቻለሁ። ጭሱም ዓይኔን አድክሞታል። አላህ ከዚያ አውጥቶ አልጋና ምድጃ ሰጠኝ። አሁን ደግሞ ገንዘብ ከፍለው ወደዚያው ይመለሱ ትሉኛላችሁ?" አሉኝ።

ውድ አንባቢያን፣ ይህ ጥያቄ በሣቅ የሚታለፍ አይደለም። ለአሜሪካዊው ጎረቤታችን ጫካ ከሥራ የሚያርፍበት ቦታ ነው። ለብዙዎቹ እናቶቻችን ግን ጫካው ራሱ ሥራ ነበር፤ ያውም ወገብ የሚያጎብጥ ሥራ። ስለዚህ ልጆቹን "ይህ የእኛ ባህል አይደለም" ብለን ከመመለሳችን በፊት፣ እኚህን እናትም "ዘመኑ አልገባዎትም" ከማለታችን በፊት ነገሩን ረጋ ብለን ብንመለከተው ይሻላል። ለዚህም እንዲረዳን አንድ የታወቀ ቦታ እንውሰድ። ስሙ ከኒንግሃም ፎልስ ስቴት ፓርክ ይባላል።

ቦታው ምን ይመስላል?

በአሜሪካ ከፌዴራሉ መንግሥት ብሔራዊ ፓርኮች ሌላ እያንዳንዱ ክፍለ ግዛት ራሱ የሚያስተዳድራቸው ፓርኮች አሉት። ስቴት ፓርክ የሚባሉት እነዚህ ናቸው። ከኒንግሃም ፎልስ በሜሪላንድ ክፍለ ግዛት፣ ከፍሬድሪክ ከተማ በስተሰሜን፣ ተርሞንት በምትባል ትንሽ ከተማ አጠገብ ይገኛል። ከዋሽንግተን የሚነሣ ሰው መንገዱ ካልተጨናነቀበት በአንድ ሰዓት ተኩል ውስጥ ይደርሳል። የካቶክትን ተራራን ታክኮ የተዘረጋው ይህ ፓርክ ከ2,000 ሄክታር በላይ ስፋት አለው። ከዳር እስከ ዳር በኦክ፣ በሂከሪና በቱሊፕ ፖፕላር ዛፎች የተሸፈነ ነው። በመሐሉ ወደ 18 ሄክታር የሚጠጋ ሐይቅ አለ፤ ልጆች ይዋኙበታል፣ ዓሣ አጥማጆችም መንጠቋቸውን ጥለው ይውሉበታል።

ስሙን ያገኘበት ፏፏቴ 24 ሜትር ያህል ከፍታ ያለው ሲሆን በድንጋይ ደረጃዎች ላይ እየተንሸራተተ የሚወርድ ነው። ጢስ ዓባይን በክረምት ያየ ሰው "ይኸው ነው እንዴ?" ማለቱ አይቀርም። የቦታው ዋጋ ግን በፏፏቴው ግርማ አይለካም። ትልቁ ነገር ጸጥታው ነው። በሥራ ቀን፣ ጠዋት፣ ከሐይቁ ራቅ ብሎ የሄደ ቤተሰብ ከራሱ እግር ኮቴና ከወፎች በቀር ብዙም ድምፅ አይሰማም። በሞቃታማ ወራት ቅዳሜና እሁድ ግን ሕዝቡ ስለሚበዛ ፓርኩ ሞልቶ በሩ የሚዘጋበት ቀን አለ። ስለዚህ ጸጥታ ፈላጊ የሆነ ሰው ቀኑን መምረጥ አለበት።

ይህ ተራራ ሁልጊዜ ጸጥተኛ አልነበረም

አንባቢዎቻችን ይህን ጫካ ከጥንት ጀምሮ እጅ ያልነካው አድርገው ቢገምቱ አይፈረድባቸውም። እውነቱ ግን ሌላ ነው። በተራራው ግርጌ፣ ማነር በሚባለው የፓርኩ ክፍል አጠገብ፣ የካቶክትን የብረት ማቅለጫ ሥፍራ ይገኛል። ከምድጃዎቹም አንዱ ዛሬ ድረስ ቆሞ ይታያል። በዚህ ሥፍራ ብረት መቅለጥ የጀመረው በ1776 ሲሆን እስከ 1903 ዘልቋል። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ብረት እሳት ይፈልጋል፤ እሳቱም ማገዶ ይፈልጋል። ለመጀመሪያዎቹ 100 ዓመታት ገደማ የምድጃው ማገዶ የእንጨት ከሰል ነበር። ከሰል አክሳዮቹ በተራራው ላይ ክብ ሜዳ ይደለድላሉ፣ እንጨቱን በዙሪያው አቁመው ይከምራሉ፣ በቅጠልና በአፈር ይሸፍኑታል፣ ከዚያም ውስጥ ውስጡን እንዲጨስ ይለኩሱታል። ክምሩ ነበልባል አንሥቶ አመድ እንዳይሆን አጠገቡ ጎጆ ቀልሰው ለ10 እና ለ14 ቀናት ሌት ተቀን ይጠብቁታል። አገር ቤት ከሰል ሲከስል ያየ ሰው ይህን ሲሰማ "የእኛው ነው!" ማለቱ አይቀርም። ጫካው በዚህ ሁኔታ እየተቆረጠ፣ እያገገመ፣ እንደገናም እየተቆረጠ ትውልድ አለፈ። ከፓርኩ ጋር በሚዋሰነው የፌዴራሉ መንግሥት ይዞታ፣ በካቶክትን ማውንቴን ፓርክ ውስጥ፣ "የከሰል መንገድ" የሚባል አጭር የእግር መንገድ አለ። በዚያ ለሚያልፍ ሰው እነዚያ የከሰል ሜዳዎች ዛሬም በዛፎቹ መሐል ይታዩታል።

ሸክሙን የተሸከመውስ ማን ነበር? ከምድጃው ሠራተኞች ብዙዎቹ በባርነት የተያዙ አፍሪካውያንና የእነሱ ልጆች ነበሩ። በ1979 እና በ1980 በአካባቢው የሚያልፈው አውራ ጎዳና በሚሰፋበት ጊዜ የእነዚህ ሰዎች መካነ መቃብር ተቆፍሮ ተጠና። በ2023 ሳይንስ በተባለው መጽሔት የታተመ ምርምር ደግሞ የ27ቱን ሰዎች ዘረ መል መረመረ። ከሟቾቹ አንዳንዶቹ ዝርያቸው ከሴኔጋምቢያ፣ ማለትም ከወሎፍና ከማንዲንካ ሕዝቦች ጋር የሚቀራረብ ሆኖ ተገኘ፤ የሌሎቹ ደግሞ ከኮንጎ። በአንድ የዘር መመርመሪያ ኩባንያ መዝገብ ውስጥ ካሉ ሰዎች መካከልም ከ41,000 በላይ የሚሆኑት ከእነዚህ ሟቾች ጋር የሥጋ ዝምድና እንዳላቸው ታወቀ። ሴኔጋምቢያ እስልምና ከዚያ ዘመን በፊት ለብዙ መቶ ዓመታት የቆየበት አገር መሆኑን አንባቢዎቻችን ያውቃሉ።

እንግዲህ የእኚያ እናት ንግግር እዚህ ላይ ሌላ ትርጉም ያገኛል። ጫካ ሸክም ነው ማለታቸው የወሎ ብቻ ታሪክ አይደለም። ልጆቻችን የሚዝናኑበት ይህ ተራራም መጀመሪያ የሸክም ተራራ ነበር። ዕረፍት የሆነው በኋላ ነው።

ጫካው እንዴት ተመለሰ?

ምድጃው ሲዘጋ መሬቱ ደክሞ ነበር። በ20ኛው ምዕተ ዓመት መጀመሪያም የአሜሪካ ቼስነት የሚባለውን ዛፍ የፈጀ በሽታ መጥቶ የተረፈውን አሳሳው። በ1930ዎቹ፣ በታላቁ የኢኮኖሚ ቀውስ ወቅት፣ የፌዴራሉ መንግሥት የተጎሳቆለውን መሬት ገዛ። ሥራ ያጡ ሰዎችም ተሰማርተው መንገድ ቀየሱ፣ የእንጨት ጎጆዎች ሠሩ። ዓላማው ከከተማ የሚመጣ ሠራተኛ ቤተሰብና ችግረኛ ልጅ አየር የሚቀበልበት ቦታ ማዘጋጀት ነበር። ከእነዚያ የመዝናኛ ሰፈሮች አንዱ በ1942 ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት የሚያርፉበት ሆነ። ዛሬ ካምፕ ዴቪድ የሚባለው ይኸው ነው፤ በመስከረም 1978 የግብፁ አንዋር ሳዳትና የእስራኤሉ ሜናኸም ቤጊን ለ13 ቀናት የተደራደሩበት። በ1954 ደግሞ ከአውራ መንገዱ በስተደቡብ ያለው መሬት ለሜሪላንድ ተሰጥቶ የአሁኑ ስቴት ፓርክ ሆነ።

ከዚህ ሁሉ አንድ ነገር ልብ እንበል። ጫካው የተመለሰው በአብዛኛው ሰዎች ስለተዉት ነው። መጥረቢያው ቆመ፤ ዘሩ በቀለ፤ ግንዱ ወፈረ። ከ100 ዓመት ባነሰ ጊዜ ውስጥ የከሰል ተራራ የነበረው የአእዋፍ ተራራ ሆነ። ጸጥታውም እንደዚሁ ነው። ሰው እጁንና ድምፁን የሰበሰበበት ቦታ በመሆኑ የተገኘ፣ ሰውም ነገ እጁንና ድምፁን ካልሰበሰበ የሚጠፋ ነው። ወደዚያ የሚሄድ ቤተሰብ ለልጆቹ ሊያስተምረው የሚችለው ትልቁ ቁም ነገር፣ በእኔ ግምት፣ ይኸው ነው።

የመጀመሪያው ደንብ፦ እናት ታርፍ

ወደ ዝግጅቱ ስንመጣ ከድንኳኑ ዓይነት በፊት የሚነሣ ጉዳይ አለ። አባት ከልጆቹ ጋር ፏፏቴ ሲያይ ቢውል፣ እናት ግን እሳት ስታነድ፣ ወጥ ስትሠራ፣ ድስት ስታጥብ ብትውል ያ ጉዞ ለእሷ የወሎው የማገዶ ሸክም ሌላ መልክ ነው። እንዲህ ከሆነ እኚያ እናት ትክክል ናቸው፤ ቤታቸው መቀመጥ ይሻላቸዋል። ስለዚህ ከመሄዳችሁ በፊት ሥራውን በወረቀት ላይ ተከፋፈሉ። ድንኳን መትከል የአባትና የትልልቆቹ ልጆች፣ ውኃ መቅዳት የትንንሾቹ፣ ምግብ ማብሰልና ዕቃ ማጠብ በተራ ይሁን። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) በቤታቸው ሥራ ቤተሰባቸውን ያግዙ እንደነበር ለምናውቅ ለእኛ ይህ አዲስ ነገር መሆን አይገባውም።

ምግቡም ቀላል ይሁን። አባቶቻችን ለመንገድ የሚሰንቁት በሶ፣ ጭኮ፣ ቆሎና ዳቦ ቆሎ ለእንዲህ ያለ ጉዞ የተፈጠረ ይመስላል፤ አይበላሽም፣ አይከብድም፣ ኃይል ይሰጣል። በየድንኳን ቦታው የሚገኘው የብረት መጥበሻ ሌሎች የአሳማ ሥጋ ሲጠብሱበት የቆየ ሊሆን ስለሚችል የራሳችሁን መጥበሻ ያዙ። ቡናው ግን እንዳይቀር!

ቦታው አስቀድሞ መያዝ አለበት። ሁለት የማደሪያ ክፍሎች አሉ፤ ዊሊያም ሃውክ የሚባለው ከሐይቁና ከፏፏቴው አጠገብ ያለው ሲሆን ማነር የሚባለው ደግሞ አነስ ያለ፣ ከምድጃው አጠገብ ያለ ነው። የማደሪያው ወቅት በግምት ከኤፕሪል እስከ ኦክቶበር ይዘልቃል። ሲያስይዙ ውሾች የማይገቡበት ረድፍ ካለ መጠየቅ ይቻላል። መሬት ላይ መተኛት ለማይችሉ አረጋውያን በሃውክ በኩል የእንጨት ጎጆዎች አሉ። ድንኳን ለሚመርጡ ደግሞ ከስር የሚነጠፍ ወፍራም ምንጣፍ አይረሳ፤ ብርዱ የሚመጣው ከላይ ሳይሆን ከመሬት ነውና።

በእግር ስንሄድ

ከሃውክ ክፍል ወደ ፏፏቴው ሁለት መንገዶች ይነሣሉ። የታችኛው መንገድ ለመድረሻ ብቻ 800 ሜትር ያህል ሲሆን ትንንሽ ልጆችም ይችሉታል። ሁለተኛው፣ የገደል መንገድ የሚባለው፣ 1.2 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ርቀቱ ባይበዛም ዐለቱና አቀበቱ ጉልበት ይፈትናል። ቀኑን ሙሉ መጓዝ የሚፈልጉ ወጣቶች ካት ሮክንና ቦብስ ሂልን የሚያገናኘውን 12 ኪሎ ሜትር የሚሆን መንገድ ይሞክሩ። የአካል ጉዳተኛ መኪና ማቆሚያ ፈቃድ ላላቸው ደግሞ ከአውራ መንገዱ ዳር ወደ ፏፏቴው የሚያደርስ የእንጨት መረማመጃ አለ። የምድጃውንና የመቃብሩን ታሪክ ለልጆቹ ማሳየት የሚፈልግ ቤተሰብ በማነር በኩል ቢጀምር ይጠቀማል።

ልጆች ከፏፏቴው ሲደርሱ ድንጋዩ ላይ ለመውጣት ይጣደፋሉ። እርጥቡ ድንጋይ እንደ ሳሙና ያንሸራትታል፤ ስለዚህ እጃቸው ይያዝ። ከተቀየሰው መንገድ መውጣትም ለራስ አደጋ፣ ለጫካው ጉዳት ነው። አንድ ሰው ያቋረጠበትን ሌላው ይከተለዋል፤ ከዚያም ዝናብ መጥቶ አፈሩን ይጠርገዋል።

የሚያስፈራው የትኛው ነው?

ወላጆች ስለ ጫካ ሲነሣ መጀመሪያ የሚጠይቁት ስለ አውሬ ነው። በካቶክትን ጥቁር ድብ አለ፤ ነገር ግን ከሰው የሚሸሽ ነው። ድንኳን ውስጥ ምግብ አለማሳደር፣ የተረፈውንም መኪና ውስጥ መቆለፍ ይበቃል። እባብም አለ። በሜሪላንድ መርዘኛ የሚባሉት ሁለት ዓይነት ሲሆኑ፣ አንደኛው ጅራቱን እንደ ጸናጽል የሚያንቀጫቅጨው ራትልስኔክ፣ ሁለተኛው ኮፐርሄድ የሚባለው ነው። ሁለቱም ካልተረገጡና ካልተነኩ ሰውን ፈልገው አይነድፉም። እጅን በድንጋይ ስንጥቅ ውስጥ አለመክተት፣ ግንድ ከመሻገር በፊት ከወዲያ ማዶ ማየት ጥሩ ልማድ ነው።

ከድብና ከእባብ ይልቅ ልንጠነቀቅ የሚገባን ከሁሉም የምታንሰውን ፍጥረት ነው፤ መዥገርን። በዚህ አካባቢ ያለችው የአጋዘን መዥገር ላይም የሚባለውን በሽታ ታስተላልፋለች። በሽታው ስሙን ያገኘው በኮነቲከት ክፍለ ግዛት ካለችው ላይም ከተማ ነው፤ በ1970ዎቹ በብዙ ሕፃናት ላይ የታየው እዚያ ነበርና። ያልጎለመሰችው መዥገር ከሰሊጥ ፍሬ ታንሳለች፤ ስትነክስም አታሳምምም። ደግነቱ በሽታውን ለማስተላለፍ አብዛኛውን ጊዜ ከ24 ሰዓት በላይ ተጣብቃ መቆየት አለባት። ስለዚህ ማታ ማታ የልጆችን ገላ መፈተሽ ነው፤ ከጆሮ ጀርባ፣ ከፀጉር ውስጥ፣ ከብብት፣ ከጉልበት ጀርባ፣ ከወገብ። ከተገኘች በቀጭን ወረንጦ ከቆዳው አስጠግቶ ይዞ ቀጥ አድርጎ መንቀል ነው እንጂ ቅቤ መቀባት ወይም በእሳት መለብለብ አይገባም። ከቀናት ወይም ከሳምንታት በኋላ እየሰፋ የሚሄድ ቀይ ምልክት ወይም ትኩሳት ከታየ ሳይውሉ ሳያድሩ ሐኪም ዘንድ መሄድ ያስፈልጋል፤ በጊዜው ከተደረሰበት በመድኃኒት ይድናል። እግረ መንገዳችንን አንድ ነገር እናክል። እህቶቻችን በሙቀት ወቅት ረጅም ልብስ በመልበሳቸው ሰው እንደ ጉድ ሊያያቸው ይችላል፤ እዚህ ግን ረጅም እጅጌና ረጅም ልብስ የጤና ባለሙያዎችም የሚመክሩት ነው። ካልሲውን በሱሪ ላይ ከፍ አድርጎ መልበስ ደግሞ ለወንዶቹም ይበጃል።

ፖይዝን አይቪ የሚባል ሐረግም አለ። ከአንድ ዘንግ ላይ ሦስት ሦስት ሆኖ የሚወጣ ቅጠል ያለው ሲሆን የነካውን ሰው ቆዳ ለቀናት ያሳክከዋል። ልጆች ቅጠሉን አይተው እንዲለዩት በመጀመሪያው ቀን አሳዩአቸው።

ሰማዩ የሚያስተምረው

ከተማ ውስጥ የሚያድግ ልጅ የሶላት ወቅት የሚያውቀው ከስልክ ነው። ጫካ ውስጥ ግን ጥላው ሲረዝም፣ ፀሐይ ስትጠልቅ፣ ቀዩ ወጋገን ሲጠፋ በዓይኑ ያያል። ይህን ማሳየት ብቻ ለጉዞው በቂ ምክንያት ይሆናል። አገር ቤት ከዓመቱ ረጅም ቀንና አጭር ቀን መካከል ያለው ልዩነት ከአንድ ሰዓት ብዙም አይበልጥም። በሜሪላንድ ግን በጁን መጨረሻ ቀኑ 15 ሰዓት ያህል ይረዝማል፤ በዲሴምበር ደግሞ 9 ሰዓት ተኩል አይሞላም። በጁን ፀሐይ የምትጠልቀው በአገራችን አቆጣጠር ከምሽቱ 2 ሰዓት ተኩል ካለፈ በኋላ ስለሆነ ዒሻ በጣም ይመሻል፣ ፈጅርም ቶሎ ይደርሳል። የቀኑ ጉዞ ይህን ታስቦ ይታቀድ፤ ልጆችም ከሰዓት በኋላ ጥቂት ይተኙ። የማደሪያ ክፍሎቹ ቧንቧና መታጠቢያ ቤት ስላላቸው ውዱእ አያስቸግርም።

ቂብላስ? አዲስ አበባ ያለ ሰው ቂብላው ወደ ሰሜን ሊባል ይችላል፤ መካ ከእኛ በስተሰሜን በቀጥታ ናትና። በሜሪላንድ ደግሞ ወደ ሰሜን ምሥራቅ ነው። ሌሊት ከሐይቁ ዳር ቆማችሁ ለልጆቹ የሰሜን ኮከብን አሳዩአቸው። አዲስ አበባ ላይ ይህ ኮከብ ከአድማስ በላይ 9 ዲግሪ ብቻ ስለሚወጣ ተራራ ይጋርደዋል። እዚህ 40 ዲግሪ ያህል ከፍ ብሎ ይታያል። ከእሱ ተነሥተው ወደ ምሥራቅ ዘወር ቢሉ ቂብላቸውን በግምት ያገኙታል። ነጋዴዎችና ሑጃጆች በየብስም በባሕርም ለዘመናት የተመሩበትን ኮከብ አንድ ልጅ በገዛ ጣቱ ካመለከተ በኋላ በቀላሉ አይረሳውም።

የጸጥታው ባለ አደራዎች

አንዳንድ ወገኖቻችን በብዛት ሲሄዱ ሙዚቃም ይሁን ነሺዳ በትልቅ ድምፅ የመክፈት ልማድ አላቸው። የሚሰማው መልካም ነገር ቢሆንም እንኳ ከጎን ያለው ድንኳን የመጣው ለጸጥታ ነው፤ የጎረቤት ሐቅ ደግሞ ድንኳን ውስጥም አይቀርም። በሌሊት የጸጥታ ሰዓት የተደነገገ ስለሆነ ከዚያ በፊት ጨዋታው ይሰብሰብ።

ማገዶን በተመለከተ ከቤት ጭኖ መሄድ ክልክል ነው ብላችሁ ያዙት፤ ከዚያው ከአካባቢው ይገዛ። ምክንያቱም በእንጨቱ ውስጥ የሚሸሸጉ ነፍሳት ከአንዱ ጫካ ወደ ሌላው ይጓዛሉ። አሽ የሚባለውን ዛፍ የጨረሰው አረንጓዴ ጥንዚዛ በዚህ ዓይነት ተዛምቷል። እሳቱም ሲጠፋ በውኃ ርሶ፣ ተማስሎ፣ በእጅ ሲነካ የቀዘቀዘ መሆን አለበት። የሜሪላንድ ስቴት ፓርኮች ለቀን ጎብኚዎች የቆሻሻ ማጠራቀሚያ አያቆሙም፤ ያመጣ ሰው ይዞ ይመለሳል። ስለዚህ ከረጢት ያዙ። ከመንገድ ላይ ጎጂን ነገር ማንሣት ከኢማን ክፍል መሆኑን ልጆቻችን በመድረሳ ይማራሉ፤ እዚህ ደግሞ ጎንበስ ብለው ያነሡታል።

አገር ቤት ላላችሁ አንባቢዎቻችንም ይህ ወሬ የሩቅ አይደለም። የአዲስ አበባ ቤተሰብ በከተማዋ በስተምዕራብ፣ በወጨጫ ተራራ ላይ፣ የመናገሻ ሱባ ጫካ አለለት፤ ጽድና ዝግባ፣ ወይራና ኮሶ ያለበት፣ ጉሬዛ ከዛፍ ዛፍ ሲዘል የሚታይበት። በወሎና በትግራይም ከመጥረቢያና ከከብት ተከልለው የቆዩ ተራሮች መልሰው ቁጥቋጦና ዛፍ ማልበሳቸውን ያየ ሰው የካቶክትን ታሪክ ለእኛም እንደሚሠራ ይረዳል። ማገዶ የሚሸከሙ እናቶች ግን ዛሬም ስላሉ "ጫካውን አትንኩ" ማለት ብቻውን አይበቃም። በእጃቸው ሌላ ምድጃ ሳይሰጡ ተራራውን መከልከል ሸክሙን ወደ ሩቅ ተራራ ማዛወር ነው። ካቶክትንም ቢሆን ሙሉ በሙሉ ያረፈው ብረቱ በሌላ ማገዶ፣ በሌላ ቦታ መቅለጥ ከጀመረ በኋላ ነው።

ወላጆች ሆይ! በሚመጣው ዕረፍት ልጆቻችሁ "መቼ ነው የምንሄደው?" ሲሉ አንድ ቀን ቁረጡላቸው። አንድ ሌሊት ይበቃል። ሸክሙን ተከፋፈሉ፣ ድምፃችሁን ዝቅ አድርጉ፣ ስትመለሱ ከእግራችሁ ዱካ በቀር ምንም አትተዉ። እናቶቻችን በጫካ የደከሙበትን ዘመን አላህ በዕረፍት ይካስልን።